አንዴ ጠይቆ መሄድ

ኤሌኒ ምትኩ መካኒሳ ውስጥ፣ ከታች ጁስ ቤትና ጫማ ቤት ባለበት ፎቅ ላይ፣ የንግግር እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ ይሄን ማንም አይክዳትም። ሰዋስው ሲነሳባት ፊቷ ይጠቁራል። «ሰው የሚግባባው ሻይ ሲገባበዝ እንጂ ሰሌዳ ላይ ሲያፈጥ አይደለም» ትላለች። ስለዚህ ሰላምታ ታስተምራለች፣ ይቅርታ መጠየቅ ታስተምራለች፣ ስልክ ማንሳት ታስተምራለች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ትምህርት ግን ሰው እንዴት «ልክፈል» እንደሚል፣ እንዴትስ «ምን ላምጣልህ» እንደሚል የምታሳይበት ነው።

የዚያን ቀን ጠረጴዛዋን ካፌ ታደርገዋለች። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ታስቀምጥና «ሂሳብ መጣ!» ትላቸዋለች። «ኢትስ ኦን ሚ» በሉ፣ በእኔ ነው ማለት ነው። «ሌት ሚ ጌት ዚስ» በሉ፣ ይሄን ለእኔ ተወው ማለት ነው። ሱቅ ልትወርዱ ስትሉ ደግሞ «ካን አይ ጌት ዩ ኤኒቲንግ?» በሉ፣ የማመጣልህ ነገር አለ እንደማለት። ምላስ ይተሳሰራል፣ ይሳቃል፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ይለመዳል። ቃሉስ ምን ገዶት! ከባዱ ነገር የሚመጣው ከቃሉ በኋላ ነው።

ከባዱ ነገር፣ ሁለቱ ተማሪዎች ሂሳቡን መልቀቅ አይችሉም። አንዱ «ኢትስ ኦን ሚ» ሲል ሌላው እጁን ጨምድዶ ይይዘዋል። አንዴ ሬድዋን የሚባል ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ከረባቱ ጀርባው ላይ እስኪዞር ከጓደኛው ጋር ታግሎ ላልተጠጣ ሻይ የሌለ ብር ከፈለ። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ! ኤሌኒም አብራ ስቃ ስታበቃ አንድ ጣቷን አነሳች።

«አንዴ!» አለች። «እነሱ ጋ የሚጠየቀው አንዴ ነው። አልፈልግም ካለህ አይፈልግም፤ አበቃ። ድርቅ ካልክበት የምትናገረውን አታውቅም ብለህ እንደሰደብከው ነው።»

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር እኮ አንዴ ብቻ የጠየቀ ሰው አልጠየቀም ነው የሚባለው» አለ ሬድዋን ከረባቱን እየመለሰ። «ሲያልፍ ሰላም አለ እንጂ!»

«ለዚህ ነዋ አይሆንም ማለትም ሆነ እሺ ማለት የማናውቀው» አለች ኤሌኒ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፣ ትምህርቱም ቀጠለ።

ደግሞ አይፈረድባትም። አባቷ ጋሽ ምትኩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። «እኔ ቆሜ እያለሁ!» ብለው የማንንም እጅ ከኪሱ የሚመልሱ ሰው። ደመወዝ በወጣ ቀን ሥጋ ቤት የተገኘ ሁሉ በጋሽ ምትኩ ይበላል፣ በጋሽ ምትኩ ይጠጣል፤ እሳቸውም እየተመረቁ ባዶ ኪስ ይዘው ቤት ይገባሉ። እናቷ ለልጆቹ ጫማ የተባለውን ሲጠይቁ «ይሉኝታ ያዘኝ እኮ፣ ምን ላድርግ!» ይላሉ። ኤሌኒ በተቀደደ ሸራ ጫማ ትምህርት ቤት የተመላለሰችው በይሉኝታ ምክንያት ነው። ታዲያ አንዴ ጠይቆ፣ መልሱን ተቀብሎ በሰላም መሄድ የሚባል ነገር በእንግሊዝኛ ስታገኝ ደስ አላት። ንጹሕ ነገር መሰላት።

ኤሌኒ የምትኖረው ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሯ ፊት ለፊት እትዬ ትሩፋት አሉ። እትዬ ትሩፋት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ቴዎ ድሬዳዋ የሚሠራ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ደረጃው ደግሞ ጤነኛ ጉልበትንም ያስለቅሳል።

ኤሌኒ ለሰፈሩ አዲስ ሳለች ታይፎይድ ጥሏት ነበር። ማንም አያውቃትም። እትዬ ትሩፋት በሯን አንኳክተው «ሾርባ ላምጣልሽ?» አሏት። «አይ፣ ደህና ነኝ» አለች። ሄዱ መሰላት፤ ሾርባውን ይዘው ተመለሱ። «አልበላም» አለች። «በሞቴ» አሉ። «አይወርድልኝም» አለች። «እንግዲያው እኔም ሳልበላ እዚሁ ቁጭ እላለሁ» ብለው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በላች። እስክትድን ድረስ በየቀኑ እንዲሁ እየተጨቃጨቁ አበሏት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ሆኑ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተራው የኤሌኒ ሆነ። ጠዋት ስትወጣ በራቸውን ታንኳኳለች።

«እትዬ፣ እየወረድኩ ነው፤ ምን ላምጣ?»

«ኧረ ምንም አልፈልግ ልጄ፣ ሂጂ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ!»

«በሞቴ፣ የሆነ ነገር ይዘዙኝ።»

«ቤቱ ሙሉ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ እዚሁ ቆሜ ልቅር፣ ከሥራ ልባረር?»

«ወይ አንቺ ልጅ! እንግዲያው ዳቦ፣ ሎሚም ካጋጠመሽ።»

ማታ ዳቦውን ስታመጣ ሌላ ጦርነት አለ። እትዬ ትሩፋት ብሩን ቦርሳዋ ውስጥ ሊወትፉ፣ እሷ ልትሸሽ፣ አንድ ቀን እንዲያውም በነጠላ ጫማቸው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ አሳደዷት። ጎረቤት ጠብ መስሎት በር ከፍቶ ወጣ። ሁለቱም እየሳቁ ተመለሱ። ለእትዬ ትሩፋት የቀኑ ጨዋታ ይሄ ነበር፤ ዳቦውማ ታች ያለው ሱቅ ደውለው ቢያዙም ይመጣላቸዋል።

ኤሌኒ ታዲያ ምን ቆርጧት ይሄን ነካችው? «የማስተምረውን ራሴ ካልኖርኩበት ምኑን አስተማሪ ሆንኩ» አለች። መጀመሪያ በሥራ ባልደረባዋ በቤተልሔም ላይ ሞከረችው። ምሳ በልተው ቤተልሔም «እኔ ልክፈል» ስትል፣ ኤሌኒ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። ቤተልሔም እጇ አየር ላይ ቀርቶ ኩም አለች። ኤሌኒ ይሄን ለተማሪዎቿ እየተረከች አሳቀቻቸው።

ከዚያ ወደ እትዬ ትሩፋት በር መጣች። «ምን ላምጣ?» አለች። «ኧረ ምንም አልፈልግ» አሉ እንደ ልማዳቸው። «እሺ እትዬ፣ ደህና ዋሉ» አለችና ወረደች። እትዬ ትሩፋት የሚቀጥለውን ቃል አዘጋጅተው ነበር፤ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬስ ትደግመኝ ይሆናል ብለው፣ በሩን ይዘው ትንሽ ጠበቋት። እሷ ግን ደረጃው ላይ ጫማዋን እያንኳኳች ወርዳ ጨርሳለች። ኤሌኒ ቅልል አላት። ጠዋቷ አጠረላት፣ ክርክሩ ቀረላት። ሴትየዋ ዳቦ ካልፈለጉ አልፈለጉማ! አክብሬያቸው ነው እንጂ ምን በደልኳቸው አለች።

እትዬ ትሩፋት ሆድ ባሳቸው። ለማንም ግን አልተናገሩም። «ልጅቷ ሥራ በዝቶባታል፤ እኔም እንደ እናት ተጣብቄባት ነበር» ብለው ለራሳቸው ተናገሩና ከታች ካለው ሱቅ በስልክ ማዘዝ ጀመሩ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ፣ የፉሪ መንገድ ጭቃ በጭቃ። አንድ ጠዋት ኤሌኒ ስታንኳኳ እትዬ ትሩፋትን ለባብሰው በሩ ላይ አገኘቻቸው።

«ዛሬ የዓይን ቀጠሮ አለኝ» አሏት። «ግራዬ ደብዘዝ ብሎብኛል። የዓይን ግፊት ነው መሰለኝ ይላሉ፣ ብቻ እስቲ ይዩት።»

«አብሬዎት ልሂድ?» አለች ኤሌኒ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ክፍለ ጊዜዋን ለሌላ አስተማሪ ልትሰጥ በሐሳቧ ስልኳን አውጥታ ነበር።

«ኧረ አንቺ ሥራ አለሽ! እኔ ምን ሆኜ፣ ታክሲ ይዤ ደርሼ እመለሳለሁ» አሉ እትዬ ትሩፋት። ይሄን ሲሉ ግን ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረጃው ሳይሆን ወደ እሷ እያዩ ነው። እግራቸውን አላነሱም። ለሌላ ሰው ይሄ ምልክት አይሆን ይሆናል። ለኤሌኒ ግን፣ ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ላይ ስትከራከር ለኖረችው፣ ከጽሑፍ የበለጠ ግልጽ ነበር። አይታዋለችም። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር «ድገሚ» ብሏታል።

አልደገመችም። «እሺ እትዬ፣ እንደሚመችዎት። መልካም ዕድል» አለች። መልካም ዕድል! ለፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ! ወርዳም ሄደች።

እትዬ ትሩፋት በዝናብ ታክሲ ሰልፍ ይዘው ብቻቸውን ሄዱ። ሐኪሙ አያቸውና የግራ ዓይናቸው በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገራቸው፤ በሳምንቱ የሚያስታምማቸው ሰው ይዘው እንዲመጡም አዘዛቸው። ያለ አስታማሚ እንደማይሠራላቸው ደጋግሞ አስጠነቀቃቸው።

ማታ ኤሌኒ አንኳክታ «እንዴት ነበር ዓይንዎ?» አለች።

«ጠብታ ሰጡኝ፣ ተመስገን ነው።»

«የምረዳዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ» አሉ።

ይሄም ከዚያው ከትምህርቷ የመጣ ነው። «ሌት ሚ ኖው» ይባላል፤ የምትፈልገው ነገር ካለ አሳውቀኝ። እስቲ ማን ነው በዚህ አገር «ይንገሩኝ» ስለተባለ የሚናገር? በዚያ ላይ እትዬ ትሩፋት! ሰው ቢሮጥላቸው የሚሳቀቁ፣ እግዜርንም ሲለምኑ «ከተቻለህ» የሚሉ ሴትዮ! ቴዎን ከድሬዳዋ መጥራት ደግሞ፣ አዲስ ሥራ ገብቷልና አስፈራቸው። ሳምንቱ አለፈ። ቀጠሮው አለፈ። ጠብታቸውን እያንጠባጠቡ ቤታቸው ተቀመጡ።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ ኤሌኒ በራቸው ላይ በግራቸው በኩል ቀርባ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» አለቻቸው። እትዬ ትሩፋት ክው ብለው ደነገጡ፤ አላዩዋትም። ከዚያ ዞረው ሊገቡ ሲሉ በግራ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር ተላተሙ። ያመማቸውን ደብቀው «ወይ ጣጣ፣ በሩ ጠበበኝ» ብለው ሳቁ። ኤሌኒ አልሳቀችም። በግራቸው እንደማያዩ ገባት።

የዚያን ቀን አልጠየቀችም። ኮታቸውን አምጥታ አለበሰቻቸው፣ ታክሲ ጠርታ አስገባቻቸው። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይቃወሙ እንደ ሕፃን እጃቸውን ሰጧት። ያ ዝምታቸው በኋላ ነው የቆጫት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መሣሪያዋን ዓይናቸው ላይ አድርጋ ብዙ አየች፣ ደግማ አየች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እናት፣ በሐምሌ ሰው ይዘው ይምጡ ተብለው ነበር አይደል? ለምን ቀሩ?»

እትዬ ትሩፋት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰው አልነበረኝም ልጄ» አሉ።

ኤሌኒ አጠገባቸው ቆማ ነው። ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ ልጃቸው ነሽ?» አለቻት። አዎ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ጎረቤት ነኝ» አለች።

የግራው ዓይን ጠፍቷል። ግፊት የወሰደው እይታ አይመለስም፣ በጊዜው ቢሠራ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለች ሐኪሟ። ቀኙም ጀምሮታልና እሱን ቶሎ ሠርተን እናድነው አለች። ቀን ቆረጠችላቸው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጡ። ኤሌኒ እንባዋ እየወረደ ተቆጣች። ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚመጣለት ቁጣ ነው መቼም።

«አልነገሩኝም እኮ! አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ ሰው አይደለሁም? ሰው አልነበረኝም ይላሉ? ፊት ለፊትዎት ነው እኮ ያለሁት!»

እትዬ ትሩፋት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። በደህናው ዓይናቸው እንዲያዩዋት አንገታቸውን አዞሩ።

«ጠየቅሽኝ፣ አይ አልኩሽ፣ እሺ አልሽ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልመለስብሽ?»

 ለስንት ሰው መልስ ያስተማረችው ኤሌኒ አግዳሚው ላይ ተደፍታ እጃቸውን ሳመች፣ አለቀሰች። እሳቸው ደግሞ «ተይ፣ ተይ፣ እንዳይከፋሽ፣ የእኔው ጥፋት ነው» እያሉ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጉላት ጀመር። አጽናኚዋ እሳቸው ሆነው አረፉት።

ቀኝ ዓይናቸው በተሠራ ጊዜ ኤሌኒ ሥራዋን ትታ አስታመመች፤ ከአልጋቸው ሥር አልተነሳችም። ዓይኑም ተረፈ። ቴዎ ከድሬዳዋ ሲበር መጣ። ረዥም፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው፤ ቤቱ በር ላይ የኤሌኒን ሁለት እጅ ይዞ «እህቴ፣ እናቴን የጠበቅሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ውለታሽን በምን እከፍላለሁ» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እውነቱን ልትነግረው «ቴዎ፣ በሐምሌ…» ስትል እትዬ ትሩፋት ከውስጥ ሰሙና «እሷ ባትኖርማ ምን ይውጠኝ ነበር!» ብለው አቋረጧት። ቴዎ የበለጠ አመሰገናት። ምስጋናው ከስድብ የባሰ ነበር፤ ዛሬም ስታስበው ፊቷ በኀፍረት ይግላል።

አሁንም መካኒሳ ታስተምራለች። ያ የካፌው ትምህርት ሲደርስ ልታልፈው አስባ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ከሌሎች ሰምተው ኖሮ ጠየቋት። ሁለት ልጆች አስቀመጠች፣ ሂሳብ መጣ አለች። ልጆቹ «ኢትስ ኦን ሚ! ኖ፣ ኢትስ ኦን ሚ!» እያሉ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ወንበር ወደቀ፣ ክፍሉ አጨበጨበ። ሁሉም ጣቷን እስክታነሳ ጠበቁ። ኤሌኒ ጣቷን አላነሳችም። እስኪደክማቸው ድረስ አየቻቸው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጠዋት ጠዋት አሁንም የእትዬ ትሩፋትን በር ታንኳኳለች። ልትከራከር ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው። ቃሉ ሁሉ ምላሷ ላይ አለ፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እዚሁ ቆሜ ልቅር»። ቢያስፈልግ ግማሽ ቀን ልትለምናቸው ዝግጁ ናት።

«እትዬ፣ እየወረድኩ ነው፣ ምን…»

«ዳቦ አምጪልኝ» ይላሉ እትዬ ትሩፋት፣ ሳትጨርስ ቀድመው። «ሎሚም። እግዜር ይስጥልኝ።»

በማግስቱም ያው ነው፣ በሳምንቱም ያው ነው። ማታ ዳቦውን ስታመጣ ተቀብለው ያመሰግናሉ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ብር ሊወትፉ አይሞክሩም፣ ደረጃ ለደረጃ አያሳድዷትም። ይጠየቃሉ፣ እሺ ይላሉ። ልክ እሷ እንዳስተማረችው።

አንድ ጠዋት አልቻለችም። በሩ ላይ ቆማ፣ ዳቦና ሎሚውን ሰምታ ስታበቃ፣ «እትዬ፣ በሞቴ» አለች፣ «እስቲ አንድ ቀን እንኳን እንደ ድሮው እምቢ ይበሉኝ። አልፈልግም ይበሉኝና ልለምንዎት።»

እትዬ ትሩፋት ፈገግ አሉ። የበሩን እጀታ ግን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እምቢ ብዬሽ ከሄድሽስ?» አሏት።